ለአውቶቡስ የተለየ ረድፍ፦ ስድሳ ዓመት ያለፈው ክርክር

በአንድ አቅጣጫ ሦስት ረድፍ ያለው ዋና መንገድ እናስብ። ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ሦስቱም ረድፎች ጢም ይላሉ፤ የቤት መኪናውም አውቶቡሱም ሚኒባሱም እኩል ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ከሦስቱ አንዱን ወስዶ ለአውቶቡስ ብቻ መስጠት ተገቢ ነው? ቢሰጥስ ይሠራል? ጥያቄው ሲነገር አጭር ነው። መሐንዲሶች፣ ከንቲባዎች፣ ባለሱቆችና ባለመኪናዎች ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ተከራክረውበት አልጨረሱትም።

ያላለቀበት አንዱ ምክንያት ብዙ ጥያቄዎች በአንድ ስም መቅረባቸው ነው። መንገድ በተሽከርካሪ ቁጥር ይከፈል ወይስ በሰው ቁጥር የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ረድፉ ዳር ይሁን መሀል ሌላ፤ ማን ያስከብረዋል ደግሞ ሌላ። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች በእነዚህ ላይ አንድ ይጨመራል፦ ወደ ረድፉ የሚገባው «አውቶቡስ» የቱ ነው? ለእኛ ወሳኙ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ውይይቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ላይ አልቆ ሳይደርስበት ይቀራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጡ

የአውሮፓ ትራም የራሱ ሐዲድ፣ ብዙ ቦታም ማንም የማይጋፋው የራሱ ወለል ነበረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ከተሞች ትራሙን ነቅለው በአውቶቡስ ተኩ፤ የድሮው የለንደን ትራም የመጨረሻ ጉዞውን ያደረገው በ1952 ነው። አውቶቡሱ ግን የትራሙን ተሳፋሪ እንጂ የትራሙን ቦታ አልወረሰም። ከመኪናው ጋር ተሰለፈ፤ የመኪናው ቁጥር በየዓመቱ ሲጨምር የእሱ ጉዞ እየተጓተተ፣ የቻለ ተሳፋሪም መኪና እየገዛ ሄደ። መኪና የገዛው ሰው ደግሞ ያንኑ አውቶቡስ የበለጠ ያዘገየዋል።

ሃምቡርግ በ1963 ትራም በተነሣበት መንገድ ላይ ለአውቶቡስ ረድፍ ለየች። ፓሪስ በጥር 1964 በሴይን ወንዝ ዳር፣ በሉቭር በኩል ባለው መንገድ ቀጠለች። ለንደን በየካቲት 1968 በቮክስሆል ድልድይ ላይ ጀመረች። የእነዚህ ሁሉ ዓላማ መጠነኛ ነበር። አውቶቡሱን ፈጣን ለማድረግ ማንም አላለመም፤ የጊዜ ሰሌዳው እንዳይፈርስ መከላከል ብቻ ነበር የተፈለገው።

ሁለተኛው የዘር ሐረግ ከብራዚል ይነሣል። የኩሪቲባ ከንቲባ ጃይሜ ሌርነር በ1974 የከፈቱት የፈጣን አውቶቡስ መንገድ ረድፉን የከተማዋ አከርካሪ አደረገው፤ ረጃጅም ሕንፃ የሚፈቀደው በዚያው መስመር ግራና ቀኝ ነበር። በ1991 ቱቦ የሚመስሉት ጣቢያዎች ተጨመሩ፤ ተሳፋሪው ሳይሳፈር በፊት ከፍሎ፣ ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ከሆነ መድረክ ላይ በሰፊ በር ይገባል። ቦጎታ በታኅሣሥ 2000 በከፈተችው ትራንስሚሌኒዮ ይህንኑ አሳድጋ ለዓለም አሳየች። ሴኡል በ2004 መሀል ለመሀል የሚሄዱ ረድፎችን ስትዘረጋ በዚያው ጊዜ የአውቶቡስ መስመሮቿንና የታሪፍ ሥርዓቷን እንደ አዲስ አዋቀረች።

የቮክስሆሉ ረድፍና የኩሪቲባው ሥርዓት በዋጋም በውጤትም አይገናኙም። አንዱ ቀለምና ምልክት ነው፤ ሌላው ጣቢያ፣ የተለየ አውቶቡስ፣ አዲስ የአሠራር ውልና አንዳንዴም አዲስ የከተማ ፕላን። ሆኖም ደጋፊው ስለ ቀለሙ ሲናገር የቦጎታን ውጤት ይጠቅሳል፤ ተቃዋሚውም የቀለሙን ድክመት አንሥቶ ሥርዓቱን በሙሉ ያጣጥላል።

ሰው ይቆጠር ወይስ ተሽከርካሪ

የደጋፊዎች ክርክር የሚነሣው ከቆጠራ ነው። የአሜሪካ የከተማ ትራንስፖርት ኃላፊዎች ብሔራዊ ማኅበር በ2016 ባወጣው የንድፍ መመሪያ መሠረት፣ 3 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ረድፍ የግል መኪና ሲሄድበት በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ቶሎ ቶሎ የሚመጣ አውቶቡስ ከመኪና ጋር ሲቀላቀልበት ከ1,000 እስከ 2,800፤ ለአውቶቡስ ብቻ ሲለይ ደግሞ ከ4,000 እስከ 8,000። ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላል። ግን እነዚህ ቁጥሮች ረድፉ ምን ያህል ማሳለፍ እንደሚችል ነው የሚናገሩት፤ በተግባር ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚወስነው የሚመጣው አውቶቡስ ብዛት ነው።

እስቲ በቀላሉ እናስላው። በመብራት በሚቆራረጥ መንገድ ላይ አንድ ረድፍ በሰዓት 700 መኪና ቢያሳልፍና በአንድ መኪና በአማካይ አንድ ተኩል ሰው ቢኖር፣ 1,050 ሰው ይሆናል። በየሁለት ደቂቃው 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ ቢመጣ በሰዓት 1,800 ሰው ነው፤ ረድፉን መለየት ያዋጣል። አውቶቡሱ በየአሥር ደቂቃው ቢመጣ ግን 360 ሰው ብቻ፤ መኪናው ይበልጣል። በዚህ ስሌት ሁለቱ የሚተካከሉት አውቶቡሱ በየሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲመጣ ነው። «ረድፍ ይለይ» የሚል ሁሉ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው አውቶቡሱ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የዓይን ማታለያ አለ። በየሁለት ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ ከአንድ ነጥብ ፊት የሚቆየው ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ነው። በ120 ሰከንድ ውስጥ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ረድፉ ባዶ ነው። ከጎኑ ቆሞ መሪ የጨበጠ ሰው የሚያየው ባዶውን አስፋልት ነው፤ ከእሱ ረድፍ ይልቅ ያ «ባዶ» ረድፍ ብዙ ሰው እያሳለፈ መሆኑን ዓይኑ አይነግረውም። ብዙ ከተማ ረድፉን ያፈረሰው በዚህ ባዶነት ላይ በተነሣ ቁጣ ነው። እንዲያውም ረድፉ ሁልጊዜ በአውቶቡስ የተሞላ ሆኖ ከታየ ችግር አለ ማለት ነው፤ አውቶቡሶቹ እዚያም ተሰልፈዋል።

ብዙ የማይወራለት ሌላ ጥቅም አለ። አንድ አውቶቡስ ደርሶ መልስ 120 ደቂቃ ቢፈጅበትና በየስድስት ደቂቃው አገልግሎት እንዲኖር ቢፈለግ 20 አውቶቡስ ያስፈልጋል። ረድፉ ጉዞውን ወደ 90 ደቂቃ ቢያወርደው 15 ይበቃል። በውጭ ምንዛሪ አውቶቡስ ለሚገዛ ከተማ አምስት አውቶቡስ ተገኘለት ማለት ነው፤ በዚያው 20 ከቀጠለም ተሳፋሪው በየአራት ደቂቃ ተኩል አውቶቡስ ያገኛል። መለዋወጫ፣ ነዳጅና የሹፌር ደመወዝ ሳይቆጠር ነው ይህ ሁሉ። የኢኮኖሚ ባለሙያው ኸርበርት ሞሪንግ በ1972 እንዳሳየው፣ አገልግሎቱ በተደጋገመ ቁጥር የእያንዳንዱ ተሳፋሪ የጥበቃ ጊዜ ስለሚቀንስ ጥቅሙ ራሱን ያራባል።

የተቃዋሚዎች ወገን

ተቃዋሚውን «መኪናውን የሚወድ ራስ ወዳድ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ጠንካራ መከራከሪያዎች አሉት። ዋናው፣ መኪናው አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤት መንገድ ይፈስሳል የሚለው ነው። ሳሊ ኬርንስ፣ ፊል ጉድዊንና ባልደረቦቻቸው በ1998ና በ2002 ባወጡት ሥራ፣ ለመኪና የተተወው ቦታ የቀነሰባቸውን በርካታ ቦታዎች ከ11 አገሮች ሰብስበው መረመሩ። መሐንዲሶች የፈሩት ትርምስ አብዛኛውን ጊዜ አልደረሰም፤ በአካባቢው ካለው ትራፊክ የተወሰነው በእርግጥ ቀነሰ። ስንት? አማካዩ 22 በመቶ ነው፤ ቦታዎቹን በደረጃ ደርድሮ መሀል ያለውን የወሰደ ግን 11 በመቶ ያገኛል። ይህ ልዩነት ተራ አይደለም። ጥቂት ቦታዎች በጣም ትልቅ ቅነሳ ስላሳዩ አማካዩን ወደ ላይ ጎትተውታል፤ በአንዳንዱ ቦታ ደግሞ ምንም አልቀነሰም። ደጋፊው 22ን፣ ተጠራጣሪው 11ን ይዞ ይከራከራል። ሁለቱም ከአንድ ሠንጠረዥ ነው ያነበቡት።

ሌላው መከራከሪያ የመጋጠሚያው ነው። የከተማ መንገድን አቅም የሚወስነው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን መብራቱ ወይም አደባባዩ ነው፤ እዚያ ላይ አንድ ረድፍ ከተነጠቀ አረንጓዴው ሲበራ የሚያልፈው መኪና በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት መልስ ብልሃት የተሞላበት ነው። የአውቶቡሱን ረድፍ ከመብራቱ ጥቂት አስር ሜትሮች ቀደም ብለው ያቆሙታል። አውቶቡሱ ረጅሙን ሰልፍ በረድፉ አልፎ ሰልፉ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሦስቱም ረድፎች ለሁሉም ክፍት ናቸው። የመኪናው ሰልፍ በርዝመት ያድጋል እንጂ በሰዓት የሚያልፈው መኪና ብዙም አይቀንስም።

ይህን ያልተረዳ ሰው የእንግሊዙን የኤም 4 ታሪክ ሊረዳው አይችልም። በ1999 ከሂዝሮው አቅጣጫ ወደ ለንደን በሚያስገባው አውራ ጎዳና ላይ ለአውቶቡስና ለታክሲ የተለየው ረድፍ በአገሪቱ ከሁሉ የተጠላ ነበር፤ በ2010 ተነሣ። ሆኖም መንገዱ ከፊት ለፊት ከሦስት ረድፍ ወደ ሁለት ይጠብ ነበር። ከጠባቡ በፊት ያለው ሦስተኛው ረድፍ ለመኪናው የመቆሚያ ቦታ እንጂ የማለፊያ አቅም አልነበረም፤ ስለዚህ መውሰዱ ባለመኪናውን ያን ያህል አልጎዳውም። በስሌት ትክክል የነበረ ረድፍ በፖለቲካ ተሸነፈ። ሊቨርፑልም በ2013 በአንድ ጊዜ 26 ረድፎቿን አግዳ በቀጣዩ ዓመት 22ቱን ለመሰረዝ ወሰነች፤ በዚያ ክርክር ረድፉን የሚጠብቀው ካሜራ ገንዘብ መሰብሰቢያ ሆኗል የሚለው ቅሬታ አንዱ ማገዶ ነበር።

የዴልሂው ውድቀት ግን በፖለቲካ ብቻ አይተረጎምም። በ2008 ከአምቤድካር ናጋር እስከ ሙልቻንድ በተከፈተው ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አውቶቡሱ መሀሉን ያዘ። ማንኛውም የከተማ አውቶቡስ እንዲገባ ተፈቀደ፤ ፌርማታዎቹ ከመብራቶቹ አጠገብ ስለሆኑ አውቶቡሶች ራሳቸው ተጠባብቀው ተሰለፉ፤ በቺራግ ዴልሂ መጋጠሚያ የመብራቱ ዙር በጣም ረዘመ። ረድፉ እንዲነሣ የቀረበውን ክስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2012 ውድቅ አደረገ፤ ሆኖም መንገዱ በ2016 ፈረሰ። ተቃዋሚዎች ይህን የሐሳቡ ሽንፈት አድርገው ያቀርባሉ። የንድፉ ሽንፈት ነው የሚለው አተያይ ለእኔ ሚዛን ይደፋል፤ ያው ሐሳብ በሴኡል ሠርቷልና።

ኒው ዮርክ ለዚህ ተቃራኒ ምሳሌ ናት። በ14ኛው ጎዳና ላይ በቀን የሚያልፈውን መኪና የሚገድበው ዕቅድ በነዋሪዎች ክስ ለወራት ታግዶ በጥቅምት 2019 ሥራ ጀመረ። አውቶቡሱ ፈጠነ፣ ተሳፋሪውም ጨመረ፤ በጎረቤት ጎዳናዎች የተፈራው መጨናነቅ ግን ትንሽ ሆነ።

የባለሱቆች ሥጋትም በጥናት ተፈትሿል። በብሪስቶል በ2006 በተደረገ ዳሰሳ ነጋዴዎች 41 በመቶው ደንበኛቸው በመኪና እንደሚመጣ ገምተው ነበር፤ ደንበኛው ሲጠየቅ 22 በመቶ ሆነ። የዕቃ ማራገፊያ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ለሲኖትራክ ወይም ለአይሱዙ የሚራገፍበት ቦታና ሰዓት ካልተወሰነለት ረድፉ ላይ ይቆማል፤ ይህ ግምት ሳይሆን በየከተማው በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

ዳር ወይስ መሀል

ዳር ያለ ረድፍ ርካሽ ነው፤ ተሳፋሪው ከእግረኛ መንገዱ በቀጥታ ይሳፈራል። ጠላቱ ግን ብዙ ነው፦ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና፣ «አንድ ደቂቃ» ብሎ የቆመ፣ ከግቢ የሚወጣ፣ ተሳፋሪ የሚያወርድ። በክረምት ደግሞ የጎርፉ ውኃ የሚተኛው ዳሩ ላይ ነው፤ የፍሳሽ መውረጃው በተደፈነበት ቦታ አውቶቡሱ ረድፉን ትቶ ወደ መሀል ይወጣል።

መሀል ያለ ረድፍ ከዚህ ሁሉ ይገላገላል፤ በምትኩ ሌላ ዕዳ ያመጣል። ተሳፋሪው የመኪናውን ረድፍ አቋርጦ መድረስ አለበት። እንደ እኛ በቀኝ በሚነዳ አገር የተለመደ አውቶቡስ በሩ በቀኝ ስለሆነ፣ በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል አንድ የጋራ መድረክ ለመሥራት የግራ በር ያለው አውቶቡስ መግዛት ግድ ይላል። አለዚያ ለየአቅጣጫው በቀኝ በኩል መድረክ መሥራት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ከመንገዱ ተጨማሪ ስፋት ይበላል። አደባባይም ችግር ነው፤ መሀል የያዘ አውቶቡስ አደባባይ ውስጥ ሲገባ ቅድሚያው ይጠፋል።

ቀለም፣ ግንብና ካሜራ

ያልተከበረ ረድፍ ካልተቀባ ረድፍ ይብሳል የሚሉ አሉ። ሕግ አክባሪው ሹፌር ቦታውን ሲለቅ ደፋሩ ይወስደዋል፤ ውጤቱ ለደፋር ቅድሚያ መስጠት ነው። የሌጎስ ልምድ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። በመጋቢት 2008 የተከፈተው የ22 ኪሎ ሜትር መስመር 65 በመቶው በግንብ፣ 20 በመቶው ደግሞ በቀለም ብቻ ተለየ። ሙሉውን ለመገንባት ገንዘብም ጊዜም አልነበረም፤ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ግንብ፣ በሌላው ቀለም የሚለው አማካይ መንገድ ተመረጠ። ግንብ ግን አስከባሪ አይፈልግም ማለት አይደለም። የተበላሸ አውቶቡስ ግንብ ውስጥ ሲቆም ኋላው ያለው ሁሉ ይታሰራል። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና መግቢያና መውጫ ክፍተት ያስፈልጋቸዋል።

ካሜራ በለንደንም በኒው ዮርክም ሠርቷል፤ አንዳንዱ በአውቶቡሱ ግንባር ላይ የተገጠመ ነው። ካሜራ የሚሠራው ግን ታርጋው ከባለቤቱ ስምና አድራሻ ጋር በትክክል ሲያያዝ ነው። መኪና በውክልና ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት አገር የቅጣቱ ወረቀት ማን ቤት እንደሚደርስ ሳይጣራ ካሜራ መግዛት ብር ማባከን ይሆናል።

ከአፍሪካ የተገኘው ትምህርት

ሌጎስ ከቴክኒኩ ይልቅ የምታስተምረው ሌላ ነገር አለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ አውቶቡሶቹን እንዲያንቀሳቅስ የተደረገው የሹፌሮቹ ማኅበር ያቋቋመው ኅብረት ሥራ ነበር። ሊቃወም የሚችለው ኃይል የሥራው ባለቤት ሆነ። ጆሃንስበርግ በ2009 ሬያ ቫያ የተባለውን የፈጣን አውቶቡስ አገልግሎት ስትጀምር በመጀመሪያዎቹ ቀናት አውቶቡስ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ከረጅም ድርድር በኋላ የሚኒባስ ባለንብረቶች የአውቶቡስ ኩባንያው ባለአክሲዮን ሆኑ። ዳሬሰላም በ2016 ሞሮጎሮ መንገድን ይዞ የሚሄደውን 21 ኪሎ ሜትር መስመር ስትከፍት መንገዱና ጣቢያው ያማረ ነበር፤ ዳላዳላ የሚባሉት ሚኒባሶችም ከዚያ መንገድ ተነሡ። የአውቶቡሱ ቁጥር ግን አልበቃም። ተሳፋሪው ባማረ ጣቢያ ውስጥ ረጅም ሰልፍ ጠበቀ፤ በጃንግዋኒ ረግረግ የተሠራው ዴፖም በጎርፍ ተጥለቀለቀ።

ኬፕታውን ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረች። በኤን 2 አውራ ጎዳና ወደ ከተማዋ በሚያስገባው በኩል ጠዋት የሚሠራው ረድፍ ለአውቶቡስና ለሚኒባስ ታክሲ በጋራ ነው። ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው፤ በእኛ ውይይት ውስጥ ግን ሲጠቀስ እምብዛም አይሰማም።

አዲስ አበባ፦ አውቶቡስ የሚባለው የቱ ነው?

ከተማችን ይህን ጥያቄ በሐዲድ ጀምራዋለች ማለት ይቻላል። በመስከረም 2015 ሥራ የጀመረው፣ 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀውና 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቀላል ባቡር የዋና ዋና መንገዶችን መሀል ያዘ። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከቆሙ በኋላም መሀሉ እንደተያዘ ነው፤ ስለዚህ በእነዚያ መንገዶች ላይ ለአውቶቡስ የቀረው ዳሩ ብቻ ነው። ከዊንጌት እስከ ጀሞ የታሰበው የፈጣን አውቶቡስ መስመር በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ለዓመታት ሲጠና ቆይቷል። በአንዳንድ ጎዳናዎች ለብዙኃን ትራንስፖርት የተለዩ ረድፎች በቀለም ተሞክረዋል። ከ2024 ጀምሮ የመጣው የኮሪደር ልማት ደግሞ የእግረኛ መንገድ አስፍቶ፣ የብስክሌት መንገድና የመጫኛና ማውረጃ ኪስ ቦታ እየጨመረ የመንገዱን አከፋፈል እንደ አዲስ ጽፎታል።

ከ14ኛው ጎዳና ወይም ከቮክስሆል የሚለየን ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። እዚያ ክርክሩ በአውቶቡስና በቤት መኪና መካከል ነው። እዚህ ከአንበሳና ከሸገር ሌላ ፐብሊክ ሰርቪስ አለ፤ ሃይገርና ቅጥቅጥ አለ፤ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ሰርቪስ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ታፔላ የለጠፈው ሚኒባስ ታክሲ አለ። ሁሉም ሕዝብ ይጭናሉ። የትኛው ይግባ?

በሰው ቆጠራ ብቻ ከሄድን መልሱ ያስደነግጣል። በየሁለት ደቂቃው የሚመጣ 60 ሰው የያዘ አውቶቡስ በሰዓት 1,800 ሰው ነው ብለናል። በዚያው ረድፍ በሰዓት 300 ሚኒባስ 12 ሰው ጭኖ ቢያልፍ 3,600 ሰው ይሆናል። በለንደን ለአውቶቡስ የሚሠራው ክርክር አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኒባሱ ይሠራል ማለት ነው። ትላልቅ አውቶቡስ ብቻ ይግባ የሚለው ወገን ይህን ስሌት ብዙ ጊዜ አይመልስም።

መልስ ግን አለው፤ መልሱ ያለው በአቋቋሙ ላይ ነው። ሚኒባሱ እየሄደ ሳለ ችግር የለበትም። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጠራ ሹፌሩ በእግር ፍጥነት ይጎተታል፤ ከኋላ «ወራጅ አለ» ሲባል ያለበት ላይ ይቆማል። ዳር ባለ ረድፍ ውስጥ ይህ ሲሆን ከኋላው ያለው አውቶቡስ ከነ60 ተሳፋሪው ይቆማል። ጥፋቱን በሹፌሩ ጠባይ ላይ መጣል ቀላል ነው፤ ምንጩ ግን የሥራው ውል ነው። ሹፌሩና ረዳቱ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ አስገብተው ከዚያ የተረፈውን ይካፈላሉ። ባዶ ወንበር ይዞ መሄድ ከራሳቸው ኪስ የሚወጣ ብር ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው ይቆማሉ። ደመወዝተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ይህ ጭንቀት የለበትም። እንግዲህ ልዩነቱ ከተሽከርካሪው መጠን ይልቅ በአከፋፈሉ ላይ ነው ያለው፤ ሃይገሩም በቀን ገቢ የሚሠራ ከሆነ ከሚኒባሱ የሚሻልበት ምክንያት የለም።

ከዚህ ተነሥተው የሚቀርቡ አማራጮች አሉ። ሚኒባሱ ይግባ፣ ግን በኪስ ቦታዎቹ ብቻ ይቁም የሚለው የመጀመሪያው ነው። ሐሳቡ የኮሪደር ልማቱ ከሠራቸው ኪሶች ጋር ይገጥማል፤ ቅራኔው ግን ኪስ ለትልቅ አውቶቡስ ጠላት መሆኑ ነው። አውቶቡሱ ኪስ ውስጥ ገብቶ ሲጭን ተመልሶ ለመውጣት የሚያሳልፈው አጥቶ ይቆያል፤ የተለየ ረድፍ ባለበት መንገድ ላይ አውቶቡስ ረድፉ ላይ ቆሞ ቢጭን ይመረጣል። አንድ መንገድ ላይ ለሚኒባስ ኪስ፣ ለአውቶቡስ የረድፍ ላይ ፌርማታ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ተራ አስከባሪውም፣ ትራፊክ ፖሊሱም፣ ተሳፋሪውም እንዲለምደው ማድረግ ግን ቀለም ከመቀባት ይከብዳል። ሌላው አማራጭ የሌጎስና የጆሃንስበርግ ነው፦ ባለንብረቶቹን በማኅበር አደራጅቶ ከቀን ገቢ ወደ ኪሎ ሜትር ክፍያ ማሻገር። ከሁሉ ሥር ነቀሉ ይህ ነው፤ የሚፈልገው ድርድርና ገንዘብም የዚያኑ ያህል ነው። ሚኒባሱን ከመንገዱ ፈጽሞ ማስወጣት የሚለው ደግሞ በቂ አውቶቡስ ሳይገባ ከተሞከረ የዳሬሰላም ሰልፍ ይጠብቀዋል።

በነገራችን ላይ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ለዚህ ጥያቄ መፍትሔ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ የሚይዘው አስፋልት ግን ያው ነው።

ያልተቋጩ ነጥቦች

ረድፉ ቀኑን ሙሉ ይሠራ ወይስ ጠዋትና ማታ ብቻ? የሰዓት ገደብ ለባለሱቁና ለጭነቱ ይመቻል፤ ግን ሹፌሩ ሰዓቱን እንዲያነብ ይጠይቃል፤ በጠዋቱ ገደብ የቆመ መኪናም እስኪነሣ አውቶቡሱን ያስቆማል። ብስክሌተኛው በረድፉ ይሂድ ወይስ የራሱ ይኑረው? በአዲስ አበባ ከግማሽ በላይ የሆነው ጉዞ በእግር መሆኑ የታወቀ ነው፤ መሀል ላይ የሚሠራ ፌርማታ ከሁሉ በፊት የሚነካው ይህን እግረኛ ነው። የኬርንስና የባልደረቦቿ «የሚጠፋ ትራፊክ» ግኝትም መኪናውን የሚተው ሰው ሌላ የሚሄድበት ነገር አለው ከሚል ግምት ይነሣል፤ እንደ ጀሞና እንደ አያት ካሉ ሠፈሮች ለሚመጣ ሰው ይህ ግምት ገና አልተፈተነም።

ከሁሉ የከበደው ግን የጥቅሙ አከፋፈል ነው። በለንደን ረድፉ ለአውቶቡስ ሲሰጥ ቦታ ያጣው ባለመኪናው ነው፤ በገቢ ከአውቶቡስ ተሳፋሪው ይሻላል ተብሎ ይታሰባል። አዲስ አበባ ውስጥ ረድፉ ለትልቅ አውቶቡስ ብቻ ቢሰጥ የሚኒባሱ ተሳፋሪ ከቤት መኪናው ጋር ወደ ቀሩት ሁለት ረድፎች ይገፋል። አንዱ ብዙኃን ሌላውን ብዙኃን ያስከፍለዋል። ይህ ኪሳራ ከትርፉ ይበልጥ አይበልጥ እንደሆነ በመርሕ አይወሰንም፤ በእያንዳንዱ መንገድ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው በአውቶቡስ፣ ስንት በሃይገር፣ ስንት በሚኒባስ፣ ስንት በቤት መኪና እንደሚያልፍ ከቀለሙ በፊት መቆጠር አለበት፤ ከቀለሙ በኋላም እንዲሁ። ከመገናኛ የሚነሣው መንገድ ሚኒባሱን ማስገባት ሊጠይቅ፣ ከሜክሲኮ የሚነሣው ደግሞ ማስወጣትን ሊፈቅድ ይችላል።